የቡናው መኪና ሲመለስ የሚጭነው

ጅማ ውስጥ የውጭ ንግድ ወሬ ከተነሳ ወሬው ቡና ነው። ቡና በኒውዮርክ ገበያ ዛሬ ስንት ገባ? ቀይ እሸት ቡናው በኪሎ ስንት ተገዛ? ጀንፈሉን፣ ከነገለባው የደረቀውን ቡና፣ አሁን ልሽጠው ወይስ ላቆየው? እኔም በዚህ ወሬ ነው ያደግኩት፤ አይሰለቸኝም። ግን የነገሩ ግማሽ ብቻ ነው። ቡና ጭኖ በሰኮሩ፣ በወልቂጤ አድርጎ አዲስ አበባ የገባ መኪና ባዶውን አይመለስም። ቆርቆሮ ይጭናል። ፌሮ፣ ሚስማር፣ ሳፋ፣ ፔርሙስ፣ ብርድ ልብስ፣ የባጃጅ ጎማ፣ የስልክ ቻርጀር ይጭናል። ስለዚህ የመልስ ጭነት ቁጭ ብሎ የሚያወራ ሰው ብዙም አላጋጠመኝም።

ለእኔ ግን ትልቁ ጉዳይ ያለው እዚያ ነው። ቡናው ከመቶ ዓመት በፊትም ሆነ ዛሬ አካሄዱ ብዙ አልተለየም። ይለቀማል፣ ይደርቃል ወይም ይታጠባል፣ በጆንያ ሆኖ ይሄዳል። የሚመለሰው ዕቃ ግን አገሩን እየቀያየረ ነው የመጣው። አሜሪካ ነበር፣ ጃፓን ሆነ። ጣሊያን መጣ፣ ምሥራቅ ጀርመን መጣ፣ ሕንድ መጣ። አሁን ቻይና ነው።

እናቴ እዚሁ ጅማ፣ መርካቶ ሄርማታ ውስጥ የቤት ዕቃ ሱቅ ነበራት። ዕቃ ገልብጬ ከሥሩ የተጻፈውን ማንበብ የለመድኩት እዚያ ነው። የድሮ ደንበኞች ስኒ ሲገዙ ጫፉን በጥፍራቸው መታ አድርገው ድምፁን ይሰማሉ። ከዚያ "የጃፓን ነው አይደል?" ይላሉ። እናቴ አትዋሽም። "የቻይና ነው እትዬ፣ የጃፓኑ ከቀረ ቆየ" ትላቸዋለች። ጥቂት አጉረምርመው ይገዛሉ። ምን ምርጫ አላቸው?

ሄርማታ ከተማ ከመሆኑ በፊት ገበያ ነበር። ዳግማዊ አባ ጅፋር ከ1870 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ከሃምሳ ዓመት በላይ ጅማን ሲገዙ ኃይላቸው ከጦር ይልቅ ነጋዴ ላይ የቆመ ነበር። ቤተ መንግሥታቸው ላይ ጅረን፣ ታች ሜዳው ላይ የሐሙሱ ገበያ። ከከፋም፣ ከሊሙም የመጣ ሲራራ ነጋዴ እዚህ ይገናኛል። የሚወጣው ቡና፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስ ነበር። ሰውም ይሸጥ ነበር። ይህን ዘለን የድሮውን ገበያ ታላቅነት ብቻ ብናወራ በተሸጡት ልጆች ላይ ሌላ ግፍ መጨመር ነው። የሚገባው ደግሞ አሞሌ ጨው፣ ዶቃና ጨርቅ ነበር። ከጨርቁም ዋናው አቡጀዲ።

አቡጀዲ ያልነጣ የጥጥ ጨርቅ ነው። ለረጅም ጊዜ የሚመጣው ከአሜሪካ ፋብሪካዎች ነበር፤ ባሕር ተሻግሮ፣ በግመልና በበቅሎ አገር አቋርጦ። ቆይቶ ጃፓኖች መጡ። ያንኑ ዓይነት ጨርቅ ሠርተው በረከሰ ዋጋ አቀረቡት። አሜሪካኖቹን ከገበያ ለማስወጣት ብዙ ዓመት አልፈጀባቸውም። ከጣሊያን ወረራ በፊት ባሉት ዓመታት ወደ ኢትዮጵያ የሚገባው የጥጥ ጨርቅ አብዛኛው የጃፓን ሆኖ ነበር። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. በመልእክተኝነት ጃፓን የሄዱትም በዚያው ሰሞን ነው። ያኔ ጃፓንን እንደ አርአያ የሚያዩ የተማሩ ኢትዮጵያውያን ጥቂት አልነበሩም።

እኔን የሚገርመኝ ከዚያ በፊት ያለው ነው። ጃፓን ራሷ ጨርቅ ከእንግሊዝ ትገዛ የነበረች አገር ናት። በአንድ ጊዜ ተነስታ ለዓለም ልሽጥ አላለችም። መጀመሪያ የራሷ ሕዝብ የሚለብሰውን ክርና ጨርቅ በራሷ ፋብሪካ መሥራት ያዘች። እጇን ያፍታታችው በአገሯ ገበያ ነው። ከዚያ ወደ እስያ፣ ከዚያ እኛ ዘንድ። ይህን ቅደም ተከተል አንባቢዬ ይያዝልኝ፤ ዝቅ ብዬ እመለስበታለሁ።

ያኔ በጉምሩክና በባቡር ሥራ ያገለገሉት ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝም ነገሩ ገብቷቸው ነበር። ጥሬውን ሸጦ የተሠራውን የሚገዛ ሕዝብ ለአንድ ቀን የሌላ ሰው ድካም የብዙ ቀን ድካሙን ይከፍላል የሚል ሐሳብ ነበራቸው። ያረፉት በ1911 ዓ.ም. ነው። ጅማ ላይ ሆኖ ስንት ኪሎ ቀይ እሸት አንድ ስማርት ስልክ እንደሚገዛ ላሰበ ሰው ሐሳባቸው ዛሬም አላረጀም። አንድ ቤተሰብ ሙሉውን የለቀማ ወራት ደክሞ የሚያገኘው ገንዘብ አንድ ፋብሪካ በሰዓት ውስጥ ለሚገጥመው ዕቃ ይሄዳል።

የጣሊያኖቹን ዘመን ላሳጥረው። አምስት ዓመት ነው። መንገድ ሠሩ፣ የጅማን መሃል በፕላን አነጹ፣ ፊያት መኪና አመጡ። ከነጻነት በኋላ አገሪቱ ጨርቅ ራሷ ለመሥራት ሞከረች። ባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ በጣሊያን የጦር ካሳ ተተከለ። አቃቂ ደግሞ ከሕንዱ ቢርላ ጋር። እነዚህ ፋብሪካዎች የሠሩት ለአገር ውስጥ ገበያ ነው። ጉድለት ነበረባቸው፤ ግን ካኪውን፣ አንሶላውን፣ አቡጀዲውን እዚሁ ሠርተው እዚሁ ሸጠዋል። ለዚያ ትውልድ ሠራተኞች ከበሬታ አለኝ።

የደርግ ጊዜ ግን ለጅማ የተለየ ነገር አለው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። እ.ኤ.አ. በ1975 ብራዚል ላይ ከባድ ውርጭ ወረደና የቡና ተክሉን ፈጀው። በሁለት ዓመት ውስጥ የዓለም የቡና ዋጋ ሰማይ ነካ። ምሥራቅ ጀርመን ዶላር አጠራት። ሕዝቧ ቡና ይወዳል፤ መንግሥት ቡናውን ከሌላ ነገር ጋር ቀላቅሎ ሲያቀርብለት ተቆጣ። እ.ኤ.አ. በ1977 የምሥራቅ ጀርመን ባለሥልጣናት አዲስ አበባ መጥተው ከመንግሥቱ ኃይለ ማርያም ጋር ተስማሙ። ቡና ስጡን፣ ጦር መሣሪያና የፋብሪካ ውጤት እንሰጣችኋለን ነው ነገሩ። ገንዘብ በመሃል የለም፤ ዕቃ በዕቃ።

ኢፋ የሚባሉት የምሥራቅ ጀርመን የጭነት መኪኖች በዚያ ወዳጅነት ነው የበዙት። የሙገር ሲሚንቶ ፋብሪካም የተተከለው በምሥራቅ ጀርመን እርዳታና መሣሪያ ነው። ታላላቆቻችን ኢፋ ሲነሳ የሚያስታውሱት ሞተሩን ብቻ አይደለም። ወጣቶችን ጭኖ ወደ ግንባር የሄደውም እሱ ነው። በጅማ ዙሪያ ካሉት ከጎማና ከሊሙ ወረዳዎች ጫካ ሥር የተለቀመ ቡና ላይፕዚግ ደርሶ በሲኒ ተቀዳ፤ በምላሹ የመጣው ጠመንጃ ደግሞ የለቃሚውን ልጅ እጅ ገባ። ይህን ንግድ ሳስብ ሁልጊዜ ልቤ ይከብዳል። ስምምነቱ ብዙ አልቆየም። ቡናው በዓለም ገበያ ዶላር የሚያወጣ ሆኖ ሳለ በዕቃ መለወጡ ለኢትዮጵያ አላዋጣትም፤ በጥሬ ገንዘብ ካልሆነ አለች። ከዚህ አንድ ነገር መማር ይቻላል። ቡና ገዢው ቢከፋበት ሌላ ገዢ ያገኛል። በ2000 ዓ.ም. ጃፓን የፀረ ተባይ ቅሪት አገኘሁ ብላ የኢትዮጵያን ቡና ስትመልስም ብዙ ላኪ ተጎዳ፣ ቡናው ግን ወደ ሌላ አገር መንገድ አገኘ። የፋብሪካ ዕቃ እንዲህ አይደለም።

አሁን ወዳለንበት ልምጣ። ሱቁን ዛሬ የያዘችው እህቴ ናት። መደርደሪያዋ ላይ ያለው ዕቃ ከሞላ ጎደል የቻይና ነው። ስኒው፣ ፔርሙሱ፣ የኤሌክትሪክ ምጣዱ ሽቦ፣ የሕፃናት ጫማው። ከውጭ በሚገባ ዕቃ ቻይናን የሚያህል አገር የለንም። መንገድ ላይ ብትወጡም ያው ነው። ባጃጁ የሕንድ ነው፤ አሸዋ የጫነው ሲኖ የቻይና ነው። ከጥር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ጅማም የኤሌክትሪክ መኪና ማየት ጀምራለች፤ አብዛኛው የቻይና ነው። ጃፓን በኢሱዙና በላንድ ክሩዘር ላይ ቀርታለች። በረከቦት ላይ የሚደረደረውን እንኳ አስቡት። ቡናው የእኛ፣ ጀበናው የእኛ፣ ስኒው የቻይና። ሐዋሳ ላይ ታቦር ሴራሚክ የሚባል ፋብሪካ እያለን ማለት ነው።

ቻይናን ለመውቀስ አይደለም። እናቴ በልጅነቷ ፔርሙስ የሀብታም ቤት ዕቃ እንደነበር ትናገራለች። ዛሬ በጅማ ዙሪያ፣ በማና ወረዳ ገጠር የማንም ቤት አለ። ርካሽ ዕቃ ድሃውን ጠቅሟል፤ ይህን የሚክድ ሰው ገበያ ወጥቶ አያውቅም። የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው። የሐበሻ ቀሚሱ ጥበብ እንኳ በፖሊስተር ላይ ታትሞ ከቻይና ይመጣል። በዓል ሲደርስ ከእህቴ ሱቅ አጠገብ ያለው ልብስ ቤት በሩ ላይ የሚሰቅለው እሱን ነው። ሸማኔው ሳምንት ተቀምጦ የሠራውን ቀሚስ ማን በዚያ ዋጋ ይወዳደራል?

ግን ለምንድነው የመልሱ ጭነት እንዲህ የበዛው? ምክንያቱ የቻይና ፋብሪካ ጉብዝና ብቻ አይደለም። እዚሁ ጅማ ላይ ያለው ቡና ራሱ ምክንያት ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው።

ለብዙ ዓመት ዶላር በባንክ ዋጋ ርካሽ ነበር፤ ግን አይገኝም። አስመጪው ወረፋ ይይዛል፣ ወር ይጠብቃል፣ ዓመት ይጠብቃል። ቡና የላከ ነጋዴ ግን ዶላር ያገኛል፤ የተወሰነውንም ለራሱ ዕቃ ማስመጫ ይጠቀምበታል። ስለዚህ ብዙ ሰው ቡና መላክ የጀመረው ቡና ወዶ አይደለም። ፌሮ፣ ሴራሚክ፣ ጎማ፣ መኪና ለማስመጣት ነው። ቡናውን ጅማ ላይ በውድ ይገዛል። ውጭ ከገዛበት በታች ይሸጣል። በቡናው ይከስራል። በዚያ ዶላር ያስመጣውን ዕቃ ግን አገር ውስጥ በእጥፍ ሸጦ ኪሳራውን ይመልሳል፣ ያተርፋልም። ይህ ምስጢር አልነበረም። አቅራቢውም፣ ባንኩም፣ መንግሥትም ያውቀዋል። የጅማ ቡና ዋጋ የሚወሰነው ቡና በሚጠጣው ሰው ሳይሆን አዲስ አበባ ላይ ፎቅ በሚሠራው ሰው ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

"ታዲያ ገበሬው ጥሩ ዋጋ አገኘ አይደል?" የሚለኝ ወዳጅ አለኝ። በአንዳንድ ዓመት እውነት ነው። ግን ከዚህ ጋር የሞተውን ነገር እንይ። ቡና ቆልቶ፣ አሽጎ፣ በራሱ ስም ውጭ ለመሸጥ የሚፈልግ ሰው ኑሮው ቡናው ብቻ ነው። ጥሬውን በዚያ ዋጋ ገዝቶ ማትረፍ አይችልም፤ ኪሳራውን የሚሸፍንለት ፌሮ የለውም። ስለዚህ ቡናን ወደ ፋብሪካ ውጤትነት ለማሳደግ የሞከረው ሰው ከገበያው ወጣ። ቡናን ለዶላር ማግኛ ብቻ የሚፈልገው ቀረ። ከውጭ የሚገባው ዕቃ እዚህ ሊወለድ የሚችለውን ፋብሪካ ያዳከመው በርካሽነቱ ብቻ አይደለም። ጥሬ ዕቃውንም ከእጁ ነጥቆታል።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ ይህ ስሌት ተናጋ። ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ ከዚያም ቀጠለ። እህቴ በዚያ ክረምት የፔርሙስ ዋጋ ስትቀያይር ደንበኛ ይቆጣት ነበር። ለእሷ ከባድ ጊዜ ነበር። ለብዙ ደመወዝተኛም ዛሬ ድረስ ከባድ ነው፤ ይህን በቀላሉ ማለፍ አልፈልግም። ቡና ላኪው ግን ከቡናው ራሱ ሊያተርፍ የሚችልበት ዕድል ተፈጠረ። የዓለም ዋጋውም ከፍ ብሎ ስለነበር በ2017 በጀት ዓመት ከቡና የተገኘው ገቢ ከ2.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሆነ። ትልቅ ገንዘብ ነው። ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም ጥሬ ነው።

አሁን ደግሞ እዚህ ተሰፍቶ ውጭ ወደሚሸጠው ሸሚዝ ልምጣ። የጅማ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2011 ዓ.ም. ሲመረቅ ከተማው በሙሉ ተስፋ አድርጎ ነበር። በ75 ሄክታር ላይ ያረፈ፣ በቻይና ተቋራጭ የተገነባ ነው። ሐሳቡ ሐዋሳ ላይ ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ከተጀመረው ጋር አንድ ዓይነት ነው። ሼድ እንሠራለን፣ የውጭ ባለሀብት ይገባል፣ ወጣቶቻችን ይሰፋሉ፣ ልብሱ ውጭ ይሸጣል። ጥሬ ቡና ብቻ ከመላክ ወደ ፋብሪካ ውጤት መላክ ተሸጋገርን ተባለ። እኔም በሙሉ ልቤ ደግፌዋለሁ።

የጎረቤታችን ልጅ ጅማው እስኪከፈት አልጠበቀችም፤ ሐዋሳ ሄዳ አንድ ፋብሪካ ተቀጠረች። ሥራዋ ኮሌታ ማያያዝ ነበር። ቀኑን ሙሉ ኮሌታ። እረፍት መጥታ ስታወራኝ ብዙ ነገር ጠየቅኳት። ጨርቁ ከየት ይመጣል? ከቻይና። ክሩስ? ከውጭ። ቁልፉ? ከውጭ። ዚፑ፣ መለያው፣ ላስቲኩ፣ ካርቶኑ? አብዛኛው ከውጭ። እኛ የጨመርነው የእጃችንን ሥራና መብራቱን ነው። ክፍያውስ? አንድ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ጥናት የኢትዮጵያ የልብስ ስፌት ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር እንደነበርና ይህም ከትልልቅ አምራች አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው እንደሆነ ጽፏል። ልጅቷ ቤት የተከራየችው ከሌሎች ልጆች ጋር ተደርባ ነበር።

ይህ ሁሉ የቆመው አጎዋ በሚባለው የአሜሪካ ሕግ ላይ ነበር። አጎዋ በ1992 ዓ.ም. ሲወጣ የአፍሪካ አገሮች ብዙ ዕቃ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ እንዲያስገቡ ፈቀደ። ለልብስ ደግሞ ተጨማሪ ነገር ነበረው። ጨርቁ ከሦስተኛ አገር ቢመጣም ልብሱ አፍሪካ ውስጥ ከተሰፋ ቀረጥ አይከፈልበትም ነበር። ያለዚያ አሜሪካ በልብስ ላይ ትጥለው የነበረው ቀረጥ ቀላል አልነበረም፤ ለጥጡ 16 በመቶ ገደማና ከዚያም በላይ፣ ለሰው ሠራሹ እስከ 32 በመቶ ይደርስ ነበር። እንግዲህ በወረቀት ላይ "ኢትዮጵያ ለአሜሪካ ልብስ ሸጠች" ተብሎ ይመዘገብ የነበረው ንግድ ውስጡ ሲታይ የቻይና ጨርቅ በሐዋሳ በኩል አልፎ አሜሪካ መድረሱ ነበር። ሐዋሳን በመንገዱ ላይ ያቆመው የቀረጡ ልዩነት ነበር።

ያ ልዩነት በአንድ ውሳኔ ጠፋ። በሰሜኑ ጦርነት ከሰብአዊ መብት ጥሰት ጋር በተያያዘ አሜሪካ ኢትዮጵያን እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ ከአጎዋ አስወጣች። ሐዋሳ ላይ ዋና ከሚባሉት አንዱ የነበረው የአሜሪካው የልብስ ኩባንያ ፒቪኤች ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በኅዳር 2014 ዓ.ም.፣ ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታውቆ ነበር። ጦርነቱን ያስነሱት የሐዋሳ ሰፊዎች አይደሉም። የከፈሉት ግን እነሱ ናቸው። የጎረቤታችን ልጅ በዚያው ዓመት ጅማ ተመለሰች። ኮሌታ ማያያዝ ትችላለች፤ ሙሉ ሸሚዝ መቁረጥና መስፋት ግን አላስተማሯትም። ይህን ስትነግረኝ ያዘነችው ሥራውን ከማጣቷ በላይ ለዚህ ነበር።

ቡና ገዢ ሲከለክለው ሌላ በር ያንኳኳል ብያለሁ። ሸሚዝ ግን ልኬቱም፣ ቀለሙም፣ መለያውም ለአንድ ገዢ የተቆረጠ ነው። ዋሽንግተን ላይ የተፈረመ ወረቀት ሐዋሳ ላይ ማሽን ሊያስቆም ከቻለ፣ ያ ፋብሪካ በመሬታችን ላይ ቢቆምም መዘውሩ እኛ ጋ አይደለም። አጎዋን መመለስ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። ለሚሠሩት እህቶቻችን ማንኛውም ገበያ ይጠቅማል። ግን በዚያ ላይ የከተማ ተስፋ አይገነባም።

"እንግዲያውስ ቡናውን ቆልተን እንላክ" የሚለው ሐሳብ ሁልጊዜ ይመጣል። እኔም እመኘዋለሁ። ግን እውነቱን እንነጋገር። ብዙ ሰው አውሮፓ የተቆላ ቡናችንን በቀረጥ ነው የሚያግደው ብሎ ያምናል። በእኛ ላይ አይደለም። ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ አውሮፓ በማደግ ላይ ወደኋላ ለቀሩ አገሮች ከጦር መሣሪያ በቀር ሁሉን ያለ ቀረጥ ታስገባለች፤ የተቆላ ቡናም ጭምር። ቻይናም ከኅዳር 2017 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ለእነዚሁ አገሮች ቀረጧን ሙሉ በሙሉ አንስታለች። በሩ ክፍት ነው። ችግሩ ሌላ ነው። የተቆላ ቡና ቶሎ ጣዕሙ ይጠፋል። ትንሽ ቫልቭ ያለው ማሸጊያ ይፈልጋል፤ ማሸጊያው ራሱ ከውጭ በዶላር ይመጣል። የጀርመን ቡና ቆዪ የኢትዮጵያን ከብራዚልና ከቬትናም ጋር ቀላቅሎ ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት ጣዕም ያቀርባል። እኛ የራሳችንን ብቻ ይዘን እሱ የያዘው መደርደሪያ ላይ መግባት ረጅም ሥራ ነው። የሚሞክሩትን አደንቃለሁ፤ ነገ ፋብሪካ ይሞላል ብሎ መጠበቅ ግን አይሆንም።

እኔ የምጀምረው ከሌላ ቦታ ነው፤ ከላይ አቆይልኝ ያልኩት የጃፓን ቅደም ተከተል እዚህ ይመጣል። ጅማ ራሷ በየዓመቱ በብዛት የምትገዛው ምንድን ነው? ስኒ ነው። ማሸጊያ ነው። ቡናው የሚሄድበት የጁት ጆንያ ነው፤ ከባንግላዴሽና ከሕንድ ይመጣል። የቡና መፈልፈያ ማሽን ነው። በማና፣ በጎማ፣ በጌራ፣ በሊሙ ኮሳ ያሉትን የማጠቢያ ሳይቶች ብትዞሩ የኮሎምቢያ ፔናጎስ ታገኛላችሁ፤ የድሮ የእንግሊዝ ማሽንም አለ። ቡናን የሰጠነው ዓለም ቡናውን መፈልፈያ መልሶ ይሸጥልናል። አገር ውስጥ ገበያው አለ። ገዢው ጎረቤት ነው። ፈቃድ የሚነሳ ሩቅ መንግሥት የለም።

ይህን ለማለት የደፈርኩት ጅማ ውስጥ፣ አጂፕ አካባቢ፣ ብረት የሚቀርጽ አንድ ቶርኖ ቤት ስለማውቅ ነው። ባለቤቱን ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ይላቸዋል። ኅዳር ላይ እሸት ሲበዛ እረፍት የላቸውም። እሸት ቡና በተለቀመ ቀን ካልተፈለፈለ ይበላሻል። ማሽን ከተሰበረ መለዋወጫ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ መጠበቅ አይቻልም። ስለዚህ የሳይት ኃላፊዎች የተሰበረውን ዕቃ በጆንያ ጠቅልለው ለሊት ይዘውላቸው ይመጣሉ። ጋሼ ለክተው፣ ቀርጸው፣ በይደው ጠዋት ይመልሱታል። ሥራቸውን ቆሜ አይቻለሁ፤ ኮምፒውተር የለም፣ ካሊፐር አለ፣ ዓይን አለ። ከጊዜ በኋላ ለአነስተኛ ገበሬ የሚሆን በእጅ የሚዞር መፈልፈያም ሠርተዋል። የእርሻ ምህንድስና ምርምር ማዕከል በዚሁ ከተማ አለ፣ ዩኒቨርሲቲውም የቴክኖሎጂ ተቋም አለው። እውቀቱ በእግር የሚደረስበት ርቀት ላይ ነው። የጊቤ አንድ ግድብም 184 ሜጋ ዋት ይዞ እዚሁ ደጃችን ነው፤ መብራቱ ሲቆራረጥ ግን የጋሼ ሥራም ይቆራረጣል።

ሙሉውን ትልቅ ማሽን ይሠሩ እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

"እሠራዋለሁ" አሉ። "ላሜራው ነው እንጂ የሚገድለኝ። ፈቃድ ያለው ባለሀብት ማሽኑን ከነነፍሱ ከቀረጥ ነጻ ያስገባል። እኔ አንድ ቅጠል ላሜራ ስገዛ ቀረጡ ዋጋው ውስጥ አለ። እንግዲህ ከማን ጋር ነው የምወዳደረው?"

መልስ አልነበረኝም። ዛሬም የለኝም። የአገሬ ሕግ ተሠርቶ ያለቀውን ማሽን በነጻ አስገብቶ የሚሠራበትን ብረት የሚያስከፍል ከሆነ፣ ከየትኛው አገር ጋር ብንነግድ ለጋሼ ልዩነት የለውም። ጣሊያንም ሆነ ቻይና፣ ኮሎምቢያም ሆነ ሕንድ። ይህ ደግሞ ዋሽንግተን ወይም ቤጂንግ የሚወሰን ነገር አይደለም። አዲስ አበባ የሚወሰን ነው። ከፊሉ እንዲያውም እዚሁ ጅማ ይወሰናል፤ የኅብረት ሥራ ዩኒየኖቻችን ማሽን የሚገዙት በየዓመቱ ነው፣ የሚገዙትን የሚመርጡት ራሳቸው ናቸው።

ምን ቢደረግልዎ ይሻላል አልኳቸው። እርዳታ፣ ብድር፣ ስልጠና ይላሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው ያሉኝ። ለኅዳር የሚፈልጉትን ማሽን በሰኔ ጽፈው፣ ቅድመ ክፍያ ከፍለው ይዘዙኝ። ብረቱን በክረምት ገዝቼ፣ ሦስት ልጅ ቀጥሬ፣ እሸት ሳይደርስ አስረክባለሁ። ካልሠራም እዚሁ ነኝ፣ መጥተው ይያዙኝ።